የሾፌሩ ኮት ሲታደስ

ጥቅምት 3

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

ጤናሽ ገና እንዳልተፈታ ጣቃ ሳይጨማደድ ይቆይሽ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ፣ የእኔ ጉልበት እንደ ድሮው ሲጢጥ ይላል፣ አጎትሽ እንደ ድሮው ያኮርፋል፣ የስፌት መኪናውም እንደ ድሮው ይንጫጫል ማለቴ ነው። ይህን ሁሉ ደህና ካልነው ደህና ነን።

ደብዳቤዬን ስታይ ልብሽ ድንግጥ እንዳይል ቀድሜ ልንገርሽ፦ ብር ፈልጌ አይደለም። ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ደብዳቤ ሁሉ እጁን ዘርግቶ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ይሄኛውም ዘርግቷል፤ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። አጎትሽ ግስ ይፈልጋል። አዎ፣ ግስ! የእንግሊዝኛ ግስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቃችን ጎን ያለውን ፀጉር አስተካካይ ታውቂዋለሽ፤ ያን አፉ ከመቀሱ የሚፈጥነውን። እሱ በእንግሊዝኛ ታፔላ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ አንገቱ ረዘመ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል፤ ማንበብ የማይችለው ደግሞ ይበልጥ ቆሞ ያነባል። ትናንት ደጃፋችን ላይ መጥቶ፣

«ሜትር፣ ዘመኑ ጥሎህ ሄደ እኮ!» ይለዋል አጎትሽን። (ሜትር እንደሚሉት አልረሳሽም መቼም። ሜትሩን ከአንገቱ የማያወልቅ ሰው፤ ለሰርጋችን እንኳ በስንት ልመና ነው ያወለቀው።)

አጎትሽ ከሥራው ቀና ሳይል፣ «አዎ፣ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ሱሪው ከኋላው ተቀዶ ነበር፤ ሲመለስ እሰፋለታለሁ» አለው።

ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። አጎትሽ ግን ከሳቁ በኋላ ነገሩ ውስጡ ገባ። «የእኛ ሥራ እኮ ማደስ ነው» ይላል፤ «ኮት መገልበጥ፣ ኮሌታ መቀየር፣ ገበር ማውጣት ማስገባት። ይሄ በእንግሊዝኛ ስም የለውም እንዴ? ቋጠሮ እዚያ በዚሁ ሙያ አይደል የምትሠራው? ጠይቂያት!» እስካሁን ቋጠሮ ነው የሚልሽ። ልጅ ሳለሽ ያገኘሽውን ክር ሁሉ ጫፉን እየቋጠርሽ ታናድጂው እንደነበር ለደንበኛ ሁሉ ይተርካል።

እና እባክሽ፣ ማደስ፣ መጠገን፣ ወደ ድሮው መመለስ የሚሉትን ከነትርጉማቸው ላኪልን። እንደምታውቂው የምጽፈውም እኔ፣ ሲመጣ ጮክ ብዬ የማነበውም እኔ ነኝ። የእሱ እጅ ሥራ አይፈታም።

ያደርኩበትን አልጋ ያህል የማውቅሽ፣
አክስትሽ


ኅዳር 12

ለእትዬ እና ለጋሼ፣

በመካከላችን ያለው መንገድ ረዥም ነውና ሰላምታዬ ደክሞት እንዳይደርስ ደርቤ ልኬላችኋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እትዬ፣ ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት አንብቤ ብቻዬን ስስቅ፣ አጠገቤ የምትሠራው ካውያ ተኳሽ አበድሽ ወይ አለችኝ። አጎቴ ግስ ጠየቁኝ አልኳት። «ታድለሽ፤ የእኔ አጎት ጫማ ነው የሚጠይቀኝ» አለች።

የምሠራበት ሱቅ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ደረጃ ወርደሽ ነው የምትገቢው። መስኮታችን የሚያሳየን የመንገደኛን ጫማና የሱሪ ጫፍ ብቻ ነው። አሁን አሁን ሰውን በሱሪው ጫፍ መለየት ጀምሬያለሁ። የሱቁን ባለቤት በጓዳ ወይዘሮ ትኬት እንላታለን። ልብስ ሲመጣላት ታገላብጠዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ኮሌታው ላይ ትኬት ትሰካበታለች። ትኬቱ ላይ የምትጽፈው አንድ ግስ ብቻ ነው። ምን እንድንነካ፣ ምን እንዳንነካ የምናውቀው በዚያ ግስ ነው። ስለዚህ ጋሼ የጠየቁትን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኮሌታ ላይ ቀድቼ ልኬያለሁ።

ሪፔር ማለት የተቀደደውን ስፋ፣ ሌላውን ተወው ነው። ሜንድ የእሷ ታናሽ እህት ናት፤ ብል የበላው ሹራብ ላይ ትውላለች። ሪኒው ሲባል ያረጀውን አውጥተሽ አዲስ ታስገቢያለሽ፤ ገበር፣ ዚፕ፣ ኪስ የመሳሰለውን። ሪሜክ ከሆነ ፈታተሽ ሌላ ልብስ ታደርጊዋለሽ። ሪዱ የምትባለውን አንወዳትም፤ ሌላ ሰው ያበላሸውን ተርትሮ እንደገና መሥራት ናት፤ ሁልጊዜ ሐሜት አታጣም። ሪፈርቢሽም አለች፤ እሷ ግን ለወንበርና ለስልክ ነውና ጋሼ ታፔላው ላይ እንዳያስገቧት። ሰው ወንበሩን ተሸክሞ ይመጣባቸዋል።

ከሁሉም የምትፈራው ሪስቶር ናት። ድሮ እንደነበረው መልሰው ማለት ነው። እሷ የተሰካችበትን ልብስ ሁሉ ሰው በሩቁ ነው የሚያየው። ከውስጡ የወጣች ብጣሽ ክር እንኳ አትጣልም፤ በትንሽ ከረጢት ሆና ከልብሱ ጋር ለባለቤቱ ትመለሳለች።

አሁን ደግሞ እኔ እጄን ልዘርጋ። የአባቴ ኮት አሁንም ከመደርደሪያው በላይ ተሰቅሎ ነው? አባቴ ከሞተና እናንተ ከወሰዳችሁኝ ጀምሮ፣ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። በሾፌር መስኮት በኩል የነበረው እጅጌ በፀሐይ ነጥቶ፣ ሌላው ጥቁር እንደሆነ ቀርቶ፣ የሁለት ሰው ኮት ይመስል ነበር። እዚህ ብርዱ አጥንት ይገባል። ኮት መግዛት አቅቶኝ አይደለም። ከአባቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ጋሼ ለእኔ በልኬ ያድሱልኛል? ከእሳቸው እጅ በቀር ለማንም አልሰጠውም፤ ለራሴ እጅ እንኳ።

እጃችሁን የምስም፣
ቋጠሮ


ታኅሣሥ 20

ለልጄ፣

እንዲህ ያለ ቃል የላከ እጅ ብርድ አይንካው። ግሶችሽ በሰላም ደርሰዋል፤ አንድም አልተሰበረ።

አጎትሽ ተማሪ ሆኗል። የመኪናውን መርገጫ እየረገጠ «ሪፔር፣ ሪኒው፣ ሪስቶር» ይላል፤ እግሩ ሲፈጥን ግሱም ይፈጥናል። «ይቺ ሪ የምትባለው ምንድን ናት?» አልኩት፤ «እንደ ቤት ዘበኛ የሁሉም በር ላይ ተገትራለች።»

«ዳግም ማለት ትሆናለቻ» አለኝ። «ደግ ነገር ናት። ሰው ላይ አትሠራም እንጂ።»

ታፔላው ተሰቅሏል። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ጽሑፍ፤ ግሶችሽ ቁልቁል ተደርድረው። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራስ ላጭቶ ትቶ ወጣና አነበበ። «ሪስቶር? ምግብ ቤት ከፈትክ እንዴ ሜትር?» አለ። «አዎ፤ ላንተ ግን ወንበር የለም» አለው አጎትሽ። ደንበኛው በግማሽ ፀጉሩ በር ላይ ቆሞ እስኪያልቅ ሳቀ።

ታፔላው ሲታደስ ሱቁ ለምን ይቀራል ብዬ እኔም ታጥቄ ተነሳሁ። ግድግዳውን ቀባሁ፣ መደርደሪያውን አጠብኩ። እነዚያን ክሮች ደግሞ ከነጩ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫው ወደ ቀይ እያልኩ እንደ ቀስተ ደመና ደረደርኳቸው። ያየ ሁሉ አመሰገነኝ፤ ከአጎትሽ በቀር። «ዕቃዬን የት አባቱ አደረግሽው?» ብሎ ጮኸብኝ። «ፊትህ አይደለም እንዴ፤ ዓይን የለህም?» አልኩት። እጁን መደርደሪያው ላይ እያሻሸ ፍለጋውን ቀጠለ። ሳይመልስልኝ መቅረቱን ልብ አልኩት፤ ደስ አላለኝም።

ወደ ኮቱ። ያንን መስመር ሳነብለት መርገጫው ቆመ። ወንበር አስቀርቦ ራሱ አወረደው፣ አራገፈው፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ከዚያ ገበሩን በመቀስ ጫፍ ከፈት አድርጎ ጨርቁን ከውስጥ በኩል ዳሰሰ። «ውስጡ አዲስ ነው» አለ። ሊገለብጠው ነው። መቼም ታውቂያለሽ፣ ስፌቱን ሁሉ ተርትሮ፣ ፀሐይ ያላየውን ፊት ወደ ውጭ አውጥቶ እንደገና መስፋት ነው። ፈትቶ ሲያዞረው ምን እንዳለ ልንገርሽ። የወንድ ኮት የቁልፍ ቀዳዳው በግራ በኩል ነው አይደል? ሲገለበጥ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የሴት ይሆናል። «አየሽ» አለኝ፤ «ኮቱ ራሱ ወደ ልጁ ዞረ።» ዓይኑን ጠረገ። እኔ አላለቀስኩም፤ ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር አይቆጠርም።

ልክሽን ላኪ። ሌላም ነገር ይፈልጋል፦ ቀዳዳው ሰፋ ያለ መርፌ። የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠቧል ይላል። ፋብሪካው ሰስቶ ነው ይላል።

አክስትሽ


ጥር 25

ለእትዬ እና ለጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ እጃችሁ ሲገባ ሁለታችሁንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያግኛችሁ። መርፌዎቹን ለዕረፍት በምትመጣው ነርስ እጅ ልኬያለሁ። የእናንተው ሰፈር ልጅ ናት፤ ስትመለስ ኮቱን ይዛልኝ ትመጣለች። ልኬንም በወረቀት አድርጌያለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ስለካ ሜትሩ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ አስቸግሮኛልና ጋሼ እንዳይስቁብኝ።

መርፌውን የገዛሁት ከወይዘሮ ትኬት ነው። ስትሸጥልኝ «ይሄንን የሚፈልገው ዓይኑ የደከመ ሰው ነው» አለችኝ። ተቆጣኋት። አጎቴ ጉንዳን ሲያነክስ ከሩቅ የሚያዩ ሰው ናቸው አልኳት። ልክ ነኝ አይደል እትዬ? ጋሼ ደህና ናቸው አይደል?

እዚህ ትኬቶቼ ተሻሽለዋል። ድሮ ሜንድ ብቻ ነበር የምትሰጠኝ፤ አሁን ሪኒው ደርሻለሁ። የሪስቶር ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ገና በሩቁ ነው የማየው። ከጋሼ የተማርኩት እጅ እዚያ የማይደርስበት ምክንያት የለም። ዓመቱ ሲዞር ዕረፍት ይሰጡኛል፤ መጥቼ አያችኋለሁ።

ኮቱን በየቀኑ አስበዋለሁ።

ቋጠሮ


መጋቢት 28

ለልጄ፣

የዘገየ ደብዳቤ ከቀረ ይሻላል ብለሽ ማሪኝ። ኮቱን ከነርሷ ተቀበይ፤ ይህንም ደብዳቤ ከኪሱ ታገኚዋለሽ።

አጎትሽ ሌላ ሥራ መቀበል ትቶ ነበር። «የወንድሜን ኮት ሳልጨርስ የማንንም ሱሪ አልነካም» ብሎ ደንበኛ መለሰ። ጠረጴዛውን ወደ በሩ አስጠጋ፤ ከዚያ ደግሞ ከበሩ አወጣው። ፀጉር አስተካካዩ «ሜትር፣ መንገዱን ልትሰፋው ነው?» አለ። አጎትሽ አልመለሰለትም። ሰውየው እንኳ ደነገጠ፤ ወሬ አቀብሎ ያልተመለሰለት የመጀመሪያ ቀኑ ነው። እኔ «ክሩን ልሰካልህ» ስለው «ውጪልኝ ከዚህ!» ይለኛል። ሲታክተው ደግሞ ራሱ ይጠራኛል፤ ስለ ሌላ ነገር።

የላክሽውን ልክ አንብቤለት አልተቀበለም። «ሰው ራሱን ለክቶ አያውቅም። ትከሻዋን በእጄ አውቀዋለሁ» ብሎ በራሱ ቆረጠ። ልክሽ ከሆነ ጻፊልን፤ ካልሆነም ልክ ነው ብለሽ ጻፊልን።

ያልጠየቅሽኝን ሁሉ ጻፍኩልሽ። የጠየቅሽኝን ደግሞ፣ ወረቀቱ አለቀ።

አክስትሽ


ግንቦት 2

ለእትዬ እና ለጋሼ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮቱ ደርሶኛል። በጣም ያምራል። ትከሻው ልክ ነው፤ እኔ ከላክሁት ልክ ይልቅ ልክ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ። ጋሼን አመሰግናለሁ በይልኝ። ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል፤ በሰፊው እጽፋለሁ።

ቋጠሮ


ሰኔ 18

ለልጄ፣

ከዚያች ቁንጽል ደብዳቤ ወዲህ ዝም ብለሻልና፣ ዝምታሽን ሥራ ያድርግልኝ እንጂ ሌላ አያድርግብኝ።

መጀመሪያ ኃጢአቴን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን እንዳለ አላነበብኩለትም። ገና «በሰፊው እጽፋለሁ» ላይ ስደርስ ፊቱን አየሁትና ሰፊውን እዚያው በአፌ ጻፍኩት። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን እንዳሞገስሽ፣ ሴትዮዋ ኮቱን አስወልቃ እንዳየች፣ መንገድ ላይ ሰው ዞሮ እንዳየሽ ነገርኩት። ወደደው። በማግስቱም ድገሚልኝ አለ፤ ደገምኩለት። ሦስተኛውም ጊዜ ስደግም አንድም ቀን ከቀድሞው ጋር አልገጥም እያለኝ፣ እሱ «ይቺ ልጅ ጎበዝ ጸሐፊ ወጣት እኮ፤ ባነበብሽው ቁጥር አዲስ ነገር አለው» አለኝ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። አያይም። ከዚያ ከመርፌው በፊት ጀምሮ ነበር፤ ደብቆኛል፣ እኔም ያወቅሁትን ደበቅሁት። ለሐኪም እሺ ያለው ኮቱን ከላከ በኋላ ነው። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና «ዘግይታችኋል» አለን። አጎትሽ «እኛ አልዘገየንም፤ ሥራ ላይ ነበርን» አለው። አሁን በር ላይ ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ሱቁን ዘግተናል። መኪናውን ሸፍኜዋለሁ።

ክሮቹን አይተሽ እንደሆነ ልብሽ አዝኖ ይሆናል፤ የእሱ ጥፋት አይደለም። የእኔ ነው። ጥቁሩ ክር የሚቀመጥበትን ቦታ እጁ ያውቅ ነበር፤ እኔ መደርደሪያውን ሳሳምር ቦታውን ነጠቅሁት። ዳስሶ ያነሳው ሁሉ ጥቁር መሰለው። ልብ ያልኩት አንዱን እጅጌ ሰፍቶ ሲጨርስ ነው፤ ቡኒ። «ይሄ ጥቁር ነው አይደል?» አለኝ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር። በዚያ ዓይን ስንት ቀን እንደፈጀበት አይቻለሁ። እንደገና ጀምር ልበለው? «ጥቁር ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመለስ? ሌላኛው አረንጓዴ ሆነ፣ ጠርዙ ወይን ጠጅ ሆነ፣ እኔ ጥቁር ነው እያልኩ ቆምኩ። አንድም ቀን እንዳትነግሪው።

የሚፈልገውን ልንገርሽ። ሌላ ምንም አይፈልግም። ስትመጪ ኮቱን ለብሰሽ ነይ። «የመጨረሻ ስፌቴ ነው» ይላል፤ «ስልከው ቸኩዬ ደህና አድርጌ አልዳሰስኩትም። ቁጭ አድርጊያትና ከትከሻዋ እስከ ጠርዙ በጣቴ ልየው።» ሰው በመጣ ቁጥር ይህንኑ ነው የሚያወራው።

አክስትሽ


ነሐሴ 30

ለእትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብቢው። ጋሼ ሳይኖሩ።

ያቺ ስፌት የለችም እትዬ። ተርትሬያታለሁ።

ኮቱ የደረሰኝ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ነርሷ እዚያው አምጥታ ሰጠችኝ። በደስታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ካውያ ተኳሿ መጣች፣ ሌሎቹም መጡ። አንዱ እጅጌ በቡኒ፣ አንዱ በአረንጓዴ፣ ስፌቱም አንዴ ቀጥ ይልና አንዴ ይባዝናል። ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፤ እኔም በሌላ ሰው ኮት እንዲያ ስቄ አውቃለሁ። ወይዘሮ ትኬት ጠርዙን በሁለት ጣቷ አንስታ «ይሄ የየትኛው ጀማሪ እጅ ነው?» አለች።

የአጎቴ ነው አላልኩም። ያሳደገኝ፣ መርፌ ያስያዘኝ ሰው ነው አላልኩም። «እንጃ፣ ከገበያ ነው» የምትል ቃል ከአፌ ወጣች።

ትኬቱን ማንም አልሰካብኝም እትዬ፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ሪዱ። እዚያው ተቀምጬ ተረተርኩት። አልቀደድኩትም፤ እንዳስተማሩኝ ዝግ ብዬ፣ ጨርቁን ሳልጎዳ፣ አንድ በአንድ ነው ያወጣሁት። ሳወጣው የገረመኝ ነገር ነበር፦ ክሩ ብዙ ቦታ ተቋጥሯል። ጋሼ ቋጠሮ አይወዱም። እንዲያ ሲቋጥሩ ክሩ የት ላይ እንዳለቀ በጣታቸው ለማግኘት እንደነበር የገባኝ ያንቺ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። ያን ዕለት ግን እርጅና ነው ብዬ ጠርጌ ጣልኩት። ከዚያ በጥቁር ክር፣ በሱቁ መኪና፣ ልክ እንደ መስመር ቀጥ አድርጌ ሰፋሁት። ወይዘሮ ትኬት አይታው ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ አሳደገችኝ። አሁን ሪስቶር ላይ ነው የምሠራው። ለሰው አሮጌ ልብስ ብጣሽ ክር በከረጢት እያስቀመጥኩ እመልሳለሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ልመልሰው ሞክሬያለሁ። ቡኒውንም አረንጓዴውንም ገዛሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፋሁ። ይጣመማል፤ ግን የእኔ ጠማማ ነው፣ የእሳቸው አይደለም። የላክሁላችሁን ግሶች ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኳቸው። የተቀደደ ይሰፋሉ፣ ያረጀ ያወጣሉ፣ የተበላሸ ይደግማሉ። ይሄንን የሚያደርግ አላገኘሁባቸውም።

ሌላ ኮት ለብሼ ልምጣ? የአውሮፕላን ትኬቱ ተቆርጧል። ኮቱን ሌባ ወሰደው ልበል? ጋሼን መዋሸት እችል ይሆናል፤ ጣታቸውን ግን አልችልም። ኮሌታውን በነኩ ቅጽበት ያውቃሉ። አንቺ ነገር ታውቂያለሽ፤ ምን ላድርግ?

ቋጠሮ


መስከረም 26

ለልጄ፣

አምላክ ለእኔ ልጓም ለአንቺ ብርታት ይስጠን። ልትቆጪኝ ነው።

ደብዳቤሽን ፖስተኛው ያመጣው አጎትሽ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ነው። ወረቀቱ ሲቀደድ ሰማ። «ከቋጠሮ ነው?» አለ። እኔም በልማዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፦ «ለእትዬ። ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብቢው።» ጮክ ብዬ! አፌ ዕድሜ ልኩን እንዳዋረደኝ ይኖራል።

«ለብቻሽ ነሽ፤ ቀጥዪ» አለኝ።

«ጋሼ ሳይኖሩ ትላለች።»

«የሉም። አያዩም አይደል? የሉም። ቀጥዪ።»

ልሰርዝ፣ ልቀይር አሰብኩ፤ ስንት ደብዳቤ በአፌ ጽፌለት የለ! ግን ሁለተኛውን መስመር ሳየው የራሴ ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ያለ ልማዴ ሳልጨምር ሳልቀንስ እስከ ታች አነበብኩት። ክሮቹ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የቻልኩት።

ጨርሼ አጠፍኩት። ፀጉር አስተካካዩ ወሬ ሊያመጣ ብቅ ብሎ ነበር፤ ፊታችንን አይቶ ተመለሰ።

«አረንጓዴ ነው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጠርዙስ?»

«ወይን ጠጅ።»

«እሷ ምን አደረገች?»

«ሰምተኸኛል እኮ።»

«ድገሚልኝ።»

«ተረተረችው።»

«ጨርቁን ሳትጎዳ ነው ያለችው?»

«ሳትጎዳ። አንድ በአንድ።»

«በምን ሰፋችው?»

«በጥቁር።»

ራሱን ነቀነቀ። «ደግ አደረገች» አለ። «እንዲያ ያለ ነገር ከሱቄ ቢወጣ እኔም እተረትረው ነበር። ሰፊ ናት።» ከልቡ ነው ልጄ፤ አልቅሺ ብዬ አላልኩሽም። ያሳዘነኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ትንሽ ወደ ግራ አለፈኝ፣ እኔ ያለሁበትን ስቶ።

«አንቺ ግን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንደገና ትጀምራለህ ብዬ ነዋ! ደክመህ ነበር።»

«እጀምር ነበራ» አለኝ። «ያኔ እኮ ገና ትንሽ ይታየኝ ነበር።»

ገብቼ ሻይ ጣድኩ፤ ሻይ የፈለገ አልነበረም።

ተመልሼ ስመጣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ እየጠቀለለ አገኘሁት። «ጻፊላት» አለኝ። ወረቀቱን ፊቱ ተቀምጬ ያዝኩ፤ ይኸው ቃሉን ሳልነካ እጽፍልሻለሁ።

«ትልበሰው። የአባቷ ነው፣ ይሙቃት። ብርድ ላይ ናትና ለእኔ ብላ እንዳታስቀምጠው። በአውሮፕላኑም ለብሳው ትምጣ፣ መንገድም ላይ ለብሳው ትምጣ። እኔ ጋ ስትደርስ ግን ጣቴ ሳይነካው በር ላይ ታውልቀው።»

አክስትሽ